ለእትዬ፦ ጀነሬተሩን አታስቀይሪው

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

ጋሼ ወገባቸውን ተሻላቸው? ልጆቹ ማታ ማታ ካርታ ዘርግተው መንገዳችሁን ይከተላሉ፤ «አክስቴ ዛሬ የት አደረች?» የሚለው ጥያቄ ከእራት ላይ አይቀርም።

እሁድ ስትደውዪልኝ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ያልሽኝን ሁሉ በቅጡ ልመልስልሽ አልቻልኩም። ኳርትዛይት በረሃ ላይ ሆነሽ፣ ስልኩ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ፣ የኤሌክትሪክ ነገር በቃል ማስረዳት አይሆንም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ከተማ ስትገቡ አሳትሚውና ሞተርሆሙ ውስጥ አኑሪው፤ ነገ ሌላ ችግር ሲመጣም ይጠቅማችኋል።

አስቀድሜ ፍርዴን ልንገርሽ፤ ጀነሬተሩ አልሞተም። ያ ጋራዥ የላከው ሰው ድምፁን አዳምጦ፣ ክዳኑን ከፍቶ ዘግቶ፣ «አዲስ ይግባለት» ብሎ የብዙ ሺህ ዶላር ዋጋ ጻፈልሽ መባሉን ስሰማ ደሜ ፈላ። ቴስተር ያላወጣ፣ ከጀነሬተሩ የሚወጣውን ቮልት ያልለካ ሰው ጀነሬተር ሞቷል ሊል አይችልም። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ይነሳል ብለሽኛል። ድምፁ ከፍ ዝቅ አይልም ብለሽኛል። የፊተኛው ኤሲ ይሠራል ብለሽኛል። የሞተ ጀነሬተር ኤሲ አያስነሳም፣ እትዬ።

አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ሕመምተኛ ስትጠይቂ፣ ምልክቱን ከምልክቱ ስታገናኚ የኖርሽ ነርስ ነሽና የነገርሽኝን እንደዚያው አንድ በአንድ እንየው። የካምፕ መብራት ላይ ስትሰኩ ሁሉም ነገር ይሠራል። ይህ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ይነግረናል፤ የኋለኛው ኤሲ ጤነኛ ነው፣ ማይክሮዌቩ ጤነኛ ነው፣ የቤቱ ብሬከር ሳጥንና ሶኬቶቹም ደህና ናቸው። እነዚህን ማንም እንዲነካካቸው አትፍቀዱ። በጀነሬተር ሲሆን ግን የፊተኛው ኤሲ ይሠራል፣ የኋለኛውና ማይክሮዌቩ ዝም ይላሉ። ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ዛሬ ይህ፣ ነገ ያኛው አይደለም። ችግሩን የሚያስይዘን ይኸኛው ነው።

የእናንተ ሞተርሆም ባለ 50 አምፕ ነው፤ መብራት በሁለት መስመር ነው የሚገባው። አንዱ መስመር የፊተኛውን ኤሲና አንዳንድ ሶኬቶችን ይይዛል፣ ሁለተኛው የኋለኛውን ኤሲና ማይክሮዌቩን። ባለ 5500 ዋቱ ኦናን ጀነሬተራችሁ ደግሞ ኃይሉን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ብሬከሮች በኩል ነው፤ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ አንድ። እንግዲህ አንዱ መስመር ቤት ይደርሳል፣ ሌላው መንገድ ላይ ይቀራል። የሚቀርበትም ቦታ ከጀነሬተሩ አንስቶ ከካምፕ መብራት ወደ ጀነሬተር የሚገለብጠው ትራንስፈር ስዊች ድረስ ባለው አጭር መንገድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢሆን ኖሮ የካምፑም መብራት ባልደረሰ።

መጀመሪያ የጀነሬተሩን የራሱን ብሬከሮች እዩ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቤት ውስጥ ያለውን የብሬከር ሳጥን ብቻ ነው፤ ጀነሬተሩ አካል ላይ ሌላ ብሬከር እንዳለ የሚነግረው የለም። የጀነሬተሩን በር ከፍታችሁ ፊት ለፊቱን ስታዩ፣ ማስነሻው ቁልፍ ካለበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ትንንሽ ጥቁር እጀታዎች ታገኛላችሁ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ጋሼ የእጅ ባትሪ ያብሩልሽና ሁለቱንም በጣትሽ ሞክሪያቸው። ብሬከር ዘሎ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ እጀታው ሙሉ በሙሉ አይወርድም፤ መሐል ላይ ይቆምና የበራ ይመስላል። ስለዚህ በዓይን አይታመንም። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ማጥፊያው ገፍተሽ፣ ከዚያ ወደ ማብሪያው መልሺው። ጤነኛ ከሆነ ጠንከር ብሎ «ቀጭ» ይላል። ጣትሽ ሥር እንደ ላላ ጥርስ የሚወዛወዝ፣ ቀጭ የማይል፣ ወይም አልቆምም ብሎ ተመልሶ የሚወርድ ከሆነ በሽተኛውን አገኘነው ማለት ነው።

ይህን ያህል የምዘረዝርልሽ በሥራዬ ደጋግሜ ስላየሁት ነው። እነዚያ ብሬከሮች የሚኖሩት ሙቀትና ንዝረት መሐል ነው። መኪናው ሲሄድ የመንገዱ፣ ሲቆም የሞተሩ ንዝረት ያናውጣቸዋል። ከዓመታት በኋላ ውስጣቸው ያረጃል፤ ከውጭ በርተው ይታያሉ፣ ኃይል ግን አያሳልፉም። አዲስ ብሬከር ከአዲስ ጀነሬተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ለማሰር ብዙም አይቆይም። እኔ ገንዘቤን ባስይዝ በዚህ ብሬከር ላይ ነው የማስይዘው።

ብሬከሮቹ ሁለቱም ደህና ቢሆኑስ? ያኔ ወደ ትራንስፈር ስዊቹ እንሄዳለን። አዲስ አበባ ሱቆች ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚታሰረውን ቼንጅ ኦቨር ታስታውሺዋለሽ፤ መብራት ሲሄድ ባለሱቁ ከመብራት ኃይል ወደ ጀነሬተር የሚገለብጠውን። ትራንስፈር ስዊች ሥራው ያው ነው፤ የሚገለበጠው ግን በራሱ ነው። የካምፑን ገመድ የምትጠቀልሉበት ሳጥን ውስጥ ወይም አልጋው ሥር ፈልጉት። ጀነሬተሩ እንደተነሳ ወዲያው አይገለበጥም፤ ሞተሩ ሳይረጋጋ ጭነት እንዳይጫንበት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ገደማ ይጠብቃል። ስለዚህ ጋሼ ጀነሬተሩን እንዳስነሱ «መብራት የለም» ብለው መልሰው እንዳያጠፉት ንገሪያቸው። አጠገቡ ቆመሽ ብታዳምጪ ሲገለበጥ «ቷ» የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ድምፁ ተሰምቶ አንዱ መስመር ካልመጣ፣ ውስጡ ያሉት መገናኛዎች ተቃጥለው ወይም ጠቁረው ሊሆን ይችላል። መንገዱ እያንቀጠቀጣቸው የሚላሉ ቪቴዎችም አሉ፤ ገመዱ የላላበት ቦታ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ በመጨረሻም እሳት ያመጣል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተሽ ጀነሬተሩንም የካምፑንም መብራት አጥፍታችሁ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አትጠቀሙ።

እባክሽ የትራንስፈር ስዊቹን ሳጥን እናንተ አትክፈቱት። ጋሼ እጃቸው ሥራ ይወዳል፣ አውቃለሁ፤ ግን ይኼ ለካቻቢቴና ለድፍረት የሚተው አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ ከሁለት አቅጣጫ ኃይል ይመጣል፤ አንዱን ነቅሎ ሌላውን የረሳ ሰው ይሞታል። የሚከፍተው ባለሙያ የካምፑን ገመድ ነቅሎ፣ ኢንቨርተሩን አጥፍቶ፣ ጀነሬተሩ በራሱ እንዳይነሳ የማስነሻ ባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ ነው መጀመር ያለበት። ይህን ሳያደርግ እጁን ካስገባ አመስግናችሁ ሸኙት።

የሚመጣው ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለካው ከጀነሬተሩ በሚወጡት ሁለት ገመዶች ላይ ነው፤ መጀመሪያ ከብሬከሩ በፊት፣ ከዚያ ከብሬከሩ በኋላ። በፊት 120 ቮልት ኖሮ በኋላ ከጠፋ ብሬከሩ ነው። በሁለቱም ካለ ችግሩ ወደ ፊት፣ ወደ ትራንስፈር ስዊቹ ነው። ከብሬከሩ በፊትም ከሌለ ያኔ ብቻ ወደ ጀነሬተሩ ሆድ እንገባለን። ተቀምጦ የከረመ ጀነሬተር ካርቦን ብሩሾቹ የሚነኩት ቀለበት ይዝጋል፤ ያ ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም መስመር አብሮ ይጠፋል እንጂ እንደ እናንተ ግማሹ አይቀርም። እሱም ቢሆን ጽዳትና ጥገና ነው እንጂ ጀነሬተር ማስቀየር አይደለም።

አሁን ወደ ፍላግስታፉ ልምጣ። ባሕር ጠረፍ ላይ፣ ሳንዲያጎ፣ ሁለት ሂተርና ማይክሮዌቭ አብሮ ሲሠራላችሁ ከርሞ፣ ፍላግስታፍ ላይ ያንኑ ስትከፍቱ ሞተሩ አቃስቶ ጠፋ አልሽኝ። ያኔ ሁለቱም መስመር ይሠራ ስለነበር ይህ ከአሁኑ ጋር አይገናኝም። ደግሞም ብልሽት አይደለም፣ ከፍታ ነው። ሞተር እንደ ቤንዚኑ ሁሉ አየርም ይፈልጋል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በየ1,000 ጫማው ጀነሬተሩ ከኃይሉ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። ፍላግስታፍ ወደ 7,000 ጫማ ይጠጋል፤ ስለዚህ ከ5,500 ዋቱ ሩቡ ገደማ ይሄድና 4,150 አካባቢ ይቀራል። በአምፕ ስናሰላው ባሕር ጠረፍ ላይ 45 የነበረው ወደ 34 ይወርዳል። ሁለቱ ሂተሮች ብቻ 25 አምፕ ይወስዳሉ፣ ማይክሮዌቩ 12 ወይም 13 ይጨምራል፣ ባትሪ የሚሞላው ቻርጀር ደግሞ የራሱን ይወስዳል። እንዴት ይቻለው? አዲስ አበባ ከፍላግስታፍም ትበልጣለች፤ ይህን ጀነሬተር ሸገር ብንወስደው ከዚያም በላይ ይደክም ነበር። መፍትሔው ማይክሮዌቩን ስትከፍቱ አንዱን ሂተር ማጥፋት ነው፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የእናንተው በካርቡሬተር የሚሠራ ከሆነ ላዩ ላይ የከፍታ ማስተካከያ አለው። ጋሼ ፍላግስታፍ ላይ ወደ ከፍታው አዙረውት ከነበረ፣ ኳርትዛይት ቆላ ስለሆነ መመለስ አለበት። እንደዞረ ከቀረ ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ከመጠን በላይ ይግላል፣ ሊጎዳም ይችላል። ዛሬውኑ እዩት።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። ጀነሬተሩ ቤንዚን የሚስበው ከመኪናው ታንከር ነው፣ ቱቦው ግን እስከ ታች አይደርስም፤ ሩብ ታንከር ገደማ ሲቀር መሳብ ያቆማል። ይህ የተደረገው በረሃ ላይ መሄጃ ነዳጅ እንዳታጡ ሆን ተብሎ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ድንገት ተንተፋትፎ ከጠፋ መጀመሪያ የነዳጁን ጌጅ እዩ። በራሱ ሲጠፋ ደግሞ ማስነሻው ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ቁጠሪያት። 2 ጊዜ ከሆነ የዘይት ግፊት ወርዷል ማለት ነው፤ ዘይቱን ሳታዩ አታስነሱት። 4 ጊዜ ከሆነ ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ አዙሮ ሞተሩ አልነሳ ብሏል። 3 ጊዜ ከሆነ ማጥፊያውን አንድ ጊዜ ተጫኚ፣ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ትሰጥሻለች፤ መጀመሪያ አሥር ቤቱን፣ ትንሽ ቆይታ አንድ ቤቱን። 36 ከሆነ ሞተሩ ሳይታዘዝ ቆሟል፤ ብዙ ጊዜ ነዳጅ ነው፣ ወይ ፊልትሮ፣ ወይ ፓምፕ፣ ወይ የቆሸሸ ካርቡሬተር። 32 ከሆነ ሞተሪኖው በዝግታ ነው ያዞረው፤ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ የባትሪው ራስ ዝጓል። 27 ከሆነ መቆጣጠሪያው የሚወጣውን ቮልት ማየት አልቻለም፤ እሱን ለባለሙያ ተዉት። ቁጥሩን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ከዚህ ሆኜ የምችለውን እነግርሻለሁ።

ጀነሬተር የሚጎዳው ከሥራ ይልቅ በመቀመጥ ነው። ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ እየከረመ ሙጫ ይሆንና ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ከዚያ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። በወር አንድ ጊዜ፣ ቤት ስትገቡም ቢሆን፣ ግማሽ ያህል ጭነት ሰጥታችሁ 2 ሰዓት አሠሩት። አንዱን ኤሲና አንድ ሂተር መክፈት ይበቃል። ያለ ጭነት ማሠራት ግን ብዙም አይጠቅመውም። ዘይቱን በ150 ሰዓት ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ በደረሰው አስቀይሩ፤ ሰዓቱን የሚቆጥር መለኪያ አለው። አንዲት ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ የቮልት ማሳያም ግዢ፣ ርካሽ ነች። 120 አካባቢ ካሳየች ጥሩ ነው። ከ105 በታች ከወረደች ኤሲውን ቶሎ አጥፊ፤ ዝቅተኛ ቮልት የኤሲን ኮምፕረሰር ያቃጥላል።

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ቢበላሽ ይሠራል። አሁን የምልሽ ግን የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ ቀስ ብለሽ አንብቢው። እኛ አገር ብርድ ነው ብሎ የከሰል ምድጃ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ ተኝቶ ያልነጋለት ስንት ቤተሰብ አለ? ከጀነሬተር ጭስ ጋር የሚወጣውም ጋዝ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይሸትም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው አይቀሰቅስም። ማርሚታው ቢሰነጠቅ፣ የጭስ ማውጫው ጫፍ ቢወልቅ፣ ወይም ነፋሱ ጭሱን መልሶ ከወለሉ ሥር ቢያስገባው በአንድ ሌሊት ያልቃል። የጎረቤት ጀነሬተር ጭስ በእናንተ መስኮት ሊገባ ይችላል፤ ኳርትዛይት ደግሞ መኪናው ተጠጋግቶ የሚቆምበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ጀነሬተሩ እየሠራ አትተኙ። ቢሞቅም አትተኙ። የመኝታ ሰዓት ሳይደርስ ቤቱን አቀዝቅዛችሁ ጀነሬተሩን አጥፉትና፣ ማራገቢያውን በባትሪ አሠርታችሁ እደሩ። ሲሠራ በጭስ ማውጫው በኩል ያሉትን መስኮቶች ዝጉ። ማርሚታው ሲግል እሳት ነውና ደረቅ ሣር ላይ አታቁሙ። ከጉዞ በፊት ጋሼ ጎንበስ ብለው የጭስ ማውጫውን ይዩት፤ መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ካለ እየሾለከ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ መጀመሪያ ውጡ፣ ከዚያ ደውሉ። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሆስፒታል ለሌላው ስትነግሪው ኖረሻል። ቤትሽ ውስጥ ግን ለራስሽ ንገሪው።

አልጋው አጠገብ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ዕድሜ አለው። እንደ ሥሪቱ 5፣ 7 ወይም 10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ መብራቱ ቢበራም፣ መሞከሪያውን ስትጫኚ ቢጮህም ጋዙን ላያውቀው ይችላል። መሞከሪያው የሚፈትነው ደወሉን እንጂ አፍንጫውን አይደለም። ሞተርሆሙ እ.ኤ.አ. የ2006 ሥሪት ነው፤ ከመኪናው ጋር የመጣው ማስጠንቀቂያ ያው ከሆነ ዕድሜው ካለፈ ቆይቷል።

እትዬ፣ አንቺ ሁለት ሥራ ደርበሽ፣ የሌሊት ተረኛ ሆነሽ ያስተማርሽኝ ሙያ ነው ይኼ። እንጀራ የበላሁበት፣ ልጆቼን ያሳደግሁበት። ለአንቺ ሳይውል ለማን ይውላል? እንግዲህ አስጨንቄሽም ከሆነ አትቀየሚኝ፤ ጡረታሽን በደስታ፣ በጤና እንድታሳልፊ ነው የምፈልገው።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። የጀነሬተሩን ሁለት ብሬከሮች ሳታዩ፣ የሚወጣውን ቮልት ሰው ፊታችሁ ሳይለካ ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርሚ፣ ቀብድም እንዳትከፍዪ። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ከግድግዳው አውርደሽ ጀርባው ላይ ያለውን ዓመተ ምሕረት እዪና ዛሬ ማታውኑ በቴክስት ላኪልኝ። ያለፈበት ከሆነ አዲስ እስክትገዙ ጀነሬተሩን አታስነሱት።

ጋሼን ሳሚልኝ።

አክባሪና ወዳጅ ወንድምሽ